ከጃፓን የጨርቅ ጥበብ ሐሳብ መቅዳት፦ ለሰሜን ሸዋ ጠላፊዎችና ሸማኔዎች

በመንዝ ደጋ እንግዳ ከደጅ ሲጣራ ከመደቡ ላይ ተነሥቶ ወደ ጓዳ የሚገባ ነገር ቢኖር ድሪቶ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት የነበረው ድሪቶ መሠረቱ አያቴ የፈተለችው ጥቁር ባና ሲሆን፣ ጫፉ ሲበላ በአቡጀዲ ተከፍፎ፣ መካከሉ ሲሳሳ የአሮጌ ኮት እራፊ ተጥፎበት፣ በእራፊው ላይ ሌላ እራፊ ተደርቦ፣ በመጨረሻ የትኛው ባና፣ የትኛው እራፊ እንደሆነ የማይለይበት ደረጃ ደርሶ ነበር። እናቴ የንስሐ አባታችን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጠቅልላ ትደብቀው ስለ ነበር፣ እኔም ድሪቶን የድህነት ምልክት አድርጌ ብቻ ነበር የማውቀው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በጃፓን ዋና ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ከሚገኘው ከአኦሞሪ የተሰበሰቡ፣ ‹‹ቦሮ›› የሚባሉ አሮጌ ልብሶችንና የመኝታ ጨርቆችን በፎቶግራፍ አየሁ። ቦሮ ማለት ቡትቶ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት የእናቴን ድሪቶ ከጓዳ አውጥቼ፣ በመስኮት ብርሃን ዘርግቼ፣ ስፌቱን መቁጠር ጀመርሁ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በአንኮበርና በአካባቢው ለሚጠልፉ፣ ለሚሸምኑና ለሚሰፉ፣ ‹‹አዲስ ሐሳብ ከየት ላምጣ?›› ብለው ለሚጨነቁ ሰዎች ነው። በአማርኛ መቅዳት የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው፤ ጽሑፍም ይቀዳል፣ ውሃም ይቀዳል። ጽሑፍ የሚቀዳ ሰው ያየውን ፊደል እንዳለ ይደግማል፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው ግን ምንጩን በቦታው ትቶ፣ ውሃውን በራሱ እንስራ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ በታች የማስረዳው ሁለተኛውን ዐይነት አቀዳድ ነው። ከዚህ አገር ሆኖ ወደ ጃፓን መመልከትም አዲስ ነገር አይደለም፤ የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን ለአገራቸው ሰው በጽሑፍ አካፍለዋል።

ከንድፉ በፊት ችግሩን ይጠይቁ

በስልክዎ አንድ የጃፓን ጥልፍ ሲያዩ እጅዎ ወዲያው እርሳስ እንዳያነሣ ይከልክሉት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹‹ይህን የሠራችው ሴት ምን አጥታ ነበር?›› የሚለው ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ከጃፓን የጨርቅ ጥበቦች መካከል በጣም የሚያምሩት የተወለዱት ከእጦት ነው፤ እጦቱን ያላወቀ ሰው የሚወስደው ቅርፊቱን ብቻ ነው።

የአኦሞሪን ታሪክ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አገሩ በረዶ የሚከመርበት፣ ጥጥ የማይበቅልበት ብርድ አገር ነው። ገበሬዎቹ የሚለብሱት ‹‹አሳ›› (ሄምፕ) ከሚባል ተክል ቃጫ የተሸመነ ሳሳ ያለ ጨርቅ ነበር። ጥጥ በመርከብ ከሞቃቱ የአገሪቱ ክፍል ይመጣ የነበረ ቢሆንም ውድ ነበር፤ በምዕራቡ በኩል ባለው በጹጋሩ ግዛት ደግሞ ገበሬ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ልብስ ተከለከለ እንጂ ክር አልተከለከለም። ስለዚህ ሴቶቹ ነጭ የጥጥ ክር እያገኙ በሰማያዊ በተነከረው ቃጫ ላይ፣ የድሩን ፈትል አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በስፌት ደፈኑት። ብርድ የሚያስገባው ጨርቅ ሞቀ፤ ሸክም የሚበላው ትከሻ ጠነከረ። ይህ ጥልፍ ‹‹ኮጊን›› ይባላል። በኮጊን ፈትሉ የሚቆጠረው በጎዶሎ ቁጥር፣ ማለትም አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እየተባለ ስለሆነ የሚወጣው የሰያፍ አራት ማዕዘን ቅርጽ ወደ ላይ የቆመ ነው። በዚያው በአኦሞሪ ምሥራቅ ያሉት የናንቡ ሴቶች ግን በተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያሉ ስለሚቆጥሩ ቅርጻቸው ወደ ጎን የተኛ ነው። ሁለት ጎረቤት አገሮች በአቆጣጠር ብቻ ተለይተው ሁለት ጥበብ አወጡ፤ ይህን ባነበብሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር አደርሁ።

እ.ኤ.አ. በ1891 የባቡር ሐዲድ ከቶኪዮ እስከ አኦሞሪ ሲደርስ ጥጥ በርካሽ መጣ፤ ኮጊንም ሊጠፋ ተቃረበ። ከመጥፋት ያተረፉት ደግሞ ስም የለሽ ባለ እጆች የሠሩት የዕለት ዕቃ ውበት አለው ብለው የተነሡ ሰዎች ናቸው። መሪያቸው ያናጊ ሶኤጹ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ የጃፓን የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየምን አቋቁሟል። ቦሮዎቹንም የአኦሞሪው ተወላጅ ታናካ ቹዛቡሮ ከየገበሬው ቤት እየዞረ፣ ባለቤቶቹ ያፈሩባቸውን ጨርቆች እየለመነ ሰብስቧቸዋል።

አሁን ጥያቄውን ወደ ራስዎ አገር ያዙሩት። መንዝም ብርድ ነው፤ ጥጥ ከቆላ ካልመጣ አይገኝም፤ ያለው በግ ነው። ሴቲቱ የበጉን ጸጉር ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ባናና በርኖስ ይወጣል። ይህ ከአኦሞሪ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ነው፤ መልሱ ግን ሌላ ነው፤ እነሱ በክር ደፈኑ፣ እኛ በሱፍ አወፈርን። በደብተርዎ አንድ ገጽ ከፍለው በአንድ ወገን ‹‹የጎደለ››፣ በሌላው ወገን ‹‹በምትኩ የተደረገ›› ብለው ከቤትዎ ዕቃ አሥር ያህል ምሳሌ ይጻፉ። የጋቢ አራት እጥፍ መሆን፣ የበርኖስ ትከሻ፣ የአህያ ጭነት ስር የሚገባው ጨርቅ፣ የቆሎ ተማሪ ደበሎ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ለአዲስ ሥራ የሚሆነው ሐሳብ ከዚህ ገጽ ይወጣል፤ ከጃፓን ፎቶግራፍ በቀጥታ አይወጣም።

አሮጌ ጨርቅ ይተርትሩ

በጃፓን ደቡብ፣ በኪዩሹ ደሴት ባለችው በኩሩሜ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1788 ገደማ የተወለደች ኢኖዌ ዴን የምትባል ልጅ ነበረች። ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት አንድ ያረጀ ልብስ ላይ ቀለሙ ለቆ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። እርሷ ግን ጨርቁን ተርትራ ፈትሉ የት ላይ እንደነጣ ተመለከተች፤ ከዚያም ነጭ መሆን ያለበትን ቦታ በክር አጥብቃ እያሰረች ፈትሉን ነከረችና ሸመነችው። ነጠብጣቡ በፈቃድዋ ተመልሶ መጣ። የኩሩሜ ‹‹ካሱሪ›› ጨርቅ መነሻ ይህ ነው ይባላል፤ ዴን እ.ኤ.አ. በ1869 እስክትሞት ድረስ ብዙ ሴቶችን አስተምራለች።

ይህን እርምጃ ሳይሠሩ እንዳያልፉ አደራ እላለሁ። ከእንግዲህ የማይለበስ ነጠላ ጥለት፣ የተበላ ባና ወይም የአሮጌ ቀሚስ ጥልፍ ይፈልጉ። ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ይለኩና ማጉን ከድሩ አንድ በአንድ እያወጡ ይተርትሩ። በየአምስት ማጉ እያቆሙ የሚያዩትን ይጻፉ፦ ፈትሉ ወደየት ተከርሯል? የት ላይ ወፍሯል? ቀለሙ ከላይ ብቻ ነው ወይስ እስከ ውስጥ ገብቷል? ጥለቱ ላይ ሸማኔው ስንት ድር ዘሎ ስንት አነሣ? የጥለትን ቁጥር በዚህ መንገድ ያወቀ ሰው እንደ ኮጊን ሴቶች ቁጥሩን በአንድ ብቻ ቢቀይር ምን እንደሚሆን መሞከር ይችላል። እኔ ከአንድ የቆየ ጥለት ያወጣሁትን የስድስት ቁጥር ወደ ሰባት ብቀይረው መስመሩ ሁሉ ዘንበል ብሎ፣ አይቼው የማላውቀው፣ ግን ዘመድነቱ የማይካድ ቅርጽ ወጣልኝ።

መርፌውን ይያዙ

ለጀማሪ የሚመቸው የጃፓን ስፌት ‹‹ሳሺኮ›› ነው። መርፌውን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያደረጉ ወደ ፊት ከመሄድ በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ያለው ምሥጢር እኩልነቱ ነው። ከጃፓን ከተሞች አብዛኛው ቤት እንጨት በነበረበት ዘመን የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚለብሱት ካፖርት በዚህ ስፌት ተደራርቦ ይሰፋ ነበር፤ ወፍራም ስለሆነ በውሃ ሲነከር ውሃውን ይዞ ይቆያል። የካፖርቱ ውስጠኛ ገጽ ግን በጀግናና በዘንዶ ሥዕል ያጌጠ ነበር።

ለመጀመር ሁለት እጥፍ አቡጀዲ ወይም ያረጀ ጂንስ፣ ረዘም ያለ መርፌና በጣም ያልተከረረ የጥጥ ክር በቂ ነው። ጨርቁን አስቀድመው ይጠቡት፤ አለዚያ ከሰፉት በኋላ ሲጠብ ስፌቱ ይሸበሸባል። በጠመኔ ወይም በሳሙና ስባሪ አንድ አንድ ሳንቲሜትር የሆኑ አራት ማዕዘኖችን ያስምሩ። ከዚያ መርፌውን ባለበት ይዘው ጨርቁን በእጥፋት እየሰበሰቡ አራት ወይም አምስት ስፌት በአንድ ጊዜ በመርፌው ላይ ይደርድሩና ክሩን ይሳቡ፤ ከሳቡ በኋላ ጨርቁን በጣትዎ አፍታቱት፣ ካልተፍታታ ይኮማተራል። ከላይ የሚታየው ስፌት ከታች ከሚቀረው ጥቂት ይርዘም፤ ሦስት ለሁለት ያህል። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ መርፌው በትክክል ጫፉ ላይ ይውጣ። መስመሮች የሚገናኙበት መሃል ላይ ስፌቶቹ እንዳይነካኩ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ይህ ባዶ ቦታ የሥራው ዐይን ነው፣ ሲደፈን ሥራው ይታወራል። ከአንድ መስመር ወደ ሌላው ክሩን በጀርባ በኩል ሲያሻግሩ ላላ አድርገው ይተዉት።

እጅዎ ከለመደ በኋላ ስለ ንድፉ ያስቡ። ከሳሺኮ ንድፎች በጣም የታወቀው ‹‹አሳኖሃ›› ይባላል፤ የዚያው የአሳ ተክል ቅጠል ማለት ሲሆን ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይመስላል። ጃፓኖች ይህን ንድፍ በሕፃን ልብስ ላይ ያደርጉ ነበር፤ ምክንያቱም ተክሉ ቀጥ ብሎና ፈጥኖ ያድጋል፣ ልጁም እንደዚያው ይደግ ብለው ነው። ይህን ያወቀ የሸዋ ጠላፊ ኮከቡን ደግሞ ቢሰፋ ያየውን ገለበጠ እንጂ ሐሳቡን አልያዘም። ሐሳቡ ‹‹እደግ፣ ተመንደግ›› ነው። በእኛ አገር ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ሰውም የሚመካበት ተክል የትኛው ነው? እኔ ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛው የጓሳ ሣር ነው፤ መንዞች በደንብ ጠብቀው ለትውልድ ያስተላለፉት፣ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚሆን፣ ነፋስ ሲመታው በአንድነት የሚያዘነብል ሣር። ሁለተኛው የገብስ ዛላ ነው፤ ጢሙ ራሱ የሳሺኮ ስፌት ይመስላል። አንድ ሳንቲሜትሩ ማዕዘን ውስጥ ሦስት ትይዩ ሰያፍ መስመሮችን ሰፍተው በሚቀጥለው ማዕዘን አቅጣጫቸውን ቢቀይሩ ነፋስ የገባበት ጓሳ ይወጣል። የአንኮበርን እርከን፣ የሞሰብን ክብ፣ የጅብራን ቅጠል አቀማመጥ በዚሁ መንገድ መሞከር ይቻላል፤ ሁሉም ግን አስቀድሞ በእርሳስ በካሬ ወረቀት ላይ ይሣል።

ቀለምን ከበጉና ከባሕር ዛፉ

በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጃፓን መንግሥት ነጋዴውና የከተማው ሕዝብ ደማቅና ውድ ቀለም እንዳይለብስ በተደጋጋሚ ይከለክል ነበር። ሕዝቡም በተፈቀደለት ቡናማና ግራጫ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን ልዩነት መለየትና ስም ማውጣት ያዘ፤ ‹‹አርባ ስምንት ቡናማ፣ መቶ ግራጫ›› የሚል አባባል እስከ ዛሬ ቀርቷል። ይህ ለመንዝ ሱፍ ሠሪ ትልቅ ትምህርት ነው። የመንዝ በግ ጥቁር አለ፣ ቡናማ አለ፣ ነጭ አለ፣ በመካከላቸውም ብዙ አለ፤ አማርኛም ለእንስሳ መልክ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ዳማ፣ ገብስማ፣ ወሰራ የሚሉ ቃላት አሉት። በገበያ ቀን ከበግ ተራ ቆመው በጎቹን በስማቸው ሳይሆን በመልካቸው ይቁጠሩ። በየመልኩ አንድ እፍኝ ሱፍ ከሸላቾች ገዝተው ወይም ለምነው፣ በካርቶን ላይ ከጥቁር ወደ ነጭ በቅደም ተከተል ይለጥፉ፤ በየአንዳንዱ ስርም ስሙን ይጻፉ። ስም የሌለው መልክ ሲያጋጥምዎ ያውጡለት። ሥራዎን ምንም ቀለም ሳይገዙ በዚህ ካርቶን ብቻ መንደፍ ይችላሉ።

ቀለም መንከር የሚፈልግ ሰው ጃፓኖች በቶኩሺማ ለሰማያዊው ቀለም እንደሚያደርጉት ቅጠል መቶ ቀን ያህል እያብላላ መክረም አይጠበቅበትም። በደጃችን ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀለሙን የሚያስይዝ ምንም ማያያዣ ሳይጨመርበት ሱፍን ይነክራል። ሱፉን በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቅባቱ እስኪለቅ ይጠቡ፤ አይሹት፣ ከታሸ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከሱፉ በክብደት እጥፍ የሚሆን ቅጠል ምግብ በማይሠራበት ድስት አንድ ሰዓት ቀቅለው ያጥልሉ። ውሃው ለብ ሲል እርጥቡን ሱፍ ይጨምሩና ሳይንተከተክ በዝግታ አንድ ሰዓት አሙቀው በውስጡ እንዳለ ይደር። ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ይወጣል። ያንኑ በብረት ድስት ቢያደርጉት ወደ ግራጫና ጥቁር ያደላል። ከመንከርዎ በፊት ትናንሽ ጠጠሮችን በሱፍ ጨርቁ ውስጥ እያስገቡ በክር አጥብቀው ቢያስሩ ደግሞ የታሰረው ቦታ ሳይነከር ክብ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ዛሬ በናጎያ ከተማ ውስጥ ያለችው አሪማጹ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የምትታወቀው በእንዲህ ያለ የማሰር ጥበብ ነው።

ጨርቅ እንዳይባክን

ኪሞኖ የሚሰፋው ወርዱ ከ36 እስከ 38 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ ከሚሆን አንድ ጥቅል ጨርቅ ነው። ስምንቱም ቁራጮች ቀጥ ብለው ስለሚቆረጡ የሚወድቅ ቅዳጅ የለም፤ ሲያረጅ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ መልሶ ይሰፋል። የእኛም ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ ወርዱ መወርወሪያው በእጁ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ አንድ ቀሚስ ሲነድፉ የሸማውን ወርድ ራሱን መለኪያ አድርገው፣ ክብ ሳይቆርጡ፣ በቀጥታ ቁራጭ ብቻ ለመሥራት ይሞክሩ። የሚቀረው ቁራጭ ካለ በጣት ስፋት ቀዶ ማግ ማድረግ ይቻላል፤ የሰሜን ጃፓን ገበሬዎች ‹‹ሳኪኦሪ›› የሚሉት ይኸው ነው፣ ከባናም የማይተናነስ ምንጣፍ ይወጣዋል።

የዚህ ሁሉ ሥር ጃፓኖች ‹‹ሞታይናይ›› በሚሉት ቃል ውስጥ አለ። ጥቅም ያለው ነገር ሲባክን የሚሰማ ጸጸት ነው። እኛ እንጀራ ሲወድቅ ‹‹ግፍ ነው!›› የምንለው ቃል ከዚህ አይርቅም። ከእንጀራ አልፈን ለእራፊም እንድንለው እመኛለሁ።

መርፌ የሚያርፍበት ቀን

በጃፓን በዓመት አንድ ቀን፣ በቶኪዮ አካባቢ የካቲት 8፣ በኪዮቶ አካባቢ ታኅሣሥ 8 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የተሰበሩና የዛጉ መርፌዎች ወደ መቅደስ ተወስደው ለስላሳ በሆነ የአኩሪ አተር አይብ ላይ ይሰካሉ። ዓመቱን ሙሉ በጠንካራ ጨርቅ ሲደክሙ ኖረው በለስላሳ ነገር ላይ ይረፉ ተብሎ ነው፤ በዚያን ቀን መርፌ አይያዝም። ይህን ሥርዐት ማምጣት አያስፈልገንም፤ የእምነታቸው ነውና ለእነሱ ይሁን። ነገር ግን በእኛም አገር በበዓል ቀን መፍተልና መስፋት እንደማይፈቀድ እናቶቻችን አስተምረውናል። እጅ የሚያርፍበትን ያንን ቀን ዐይን የሚሠራበት ያድርጉት። ከቅዳሴ ሲመለሱ የሰዉን ጥለት፣ የቀሚሱን ጥልፍ፣ የካህናቱን ልብሰ ተክህኖ ተመልክተው፣ ማታ ከትዝታ ሦስት ነገር ብቻ በደብተር ይሣሉ። በትዝታ የሚሣል ነገር የማያስፈልገውን ጥሎ የሚያስፈልገውን ይዞ ስለሚመጣ ከፎቶግራፍ ይሻላል።

ሥራዎን ሲሸጡ ከየት እንደቀዱ ይናገሩ፤ በሳሺኮ ስፌት የጓሳን ሣር ከሰፉ ሁለቱንም ለገዢው ያስረዱ። ባናውን የሸመነውንም ሰው በስሙ ይጥቀሱ። ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በአገራችን ስድቡ በዝቶ ስለ ነበረ ነው፤ ስድቡ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ድሪቶ ከጠገኑ ደግሞ ከጀርባው በኩል፣ በማይታየው ወገን፣ የጠገኑበትን ዓመተ ምሕረትና የራስዎን ስም በክር ይጻፉ፤ ከስሩም ለሚቀጥለው ጠጋኝ የሚሆን አንድ ጣት ቦታ ይተዉ። በእናቴ ድሪቶ ላይ የእኔ ስም አምስተኛው እራፊ ስር አለ፤ ከእርሱ በፊት ያሉት አራቱ ስም የላቸውም፣ የማን እንደሆኑ ከስፌቱ ስፋት ለመለየት አሁንም እየሞከርሁ ነው።